አህያ እንዳያናፋ የተከለከለበት ሰዓት

«በዚህ ሰዓት ኑ» ተብላችሁ፣ በዚያው በተባላችሁበት ሰዓት ሄዳችሁ፣ «በዚህ ሰዓት ማን ኑ አላችሁ?» ተብላችሁ ተቀጥታችሁ ታውቃላችሁ? ደርሶባችሁ ከሆነ ቁጣዬ አይገርማችሁም። ካልደረሰባችሁ ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ማስረዳት ሥራዬ ነው።

ጊዜው ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘበት ዘመን ነው። እኔ ቂርቆስ አክስቴ ቤት ተቀምጬ የሰፈሩን ልጆች አስተምር ነበር። የተማርኩበት ትምህርት ቤት የወታደር ማደሪያ ሆኗል። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳዬ ከሰል የቀባሁት አሮጌ መዝጊያ ነው፤ እሱን አጥሩ ላይ አስደግፌ ጠዋት ጠዋት ፊደልና ሒሳብ አስተምራለሁ። እኩለ ቀን ላይ ልጆቹን አሰናብቼ አክስቴን ለማገዝ እወጣለሁ።

አክስቴ የአባቴ እኅት ናት፤ ወላጆቼ ከሞቱ በኋላ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ባሏ ከዘማቹ ጋር ወደ ሰሜን ሄዶ አልተመለሰም። ጥሎላት የሄደው ሁለት አህዮች ብቻ ነበር፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። በእነሱ የሰፈሩን እህል ከካዛንቺስ በላይ ካለው ወፍጮ ቤት ታደርሳለች፣ ዱቄቱን ትመልሳለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሁለት አህያ ያለው ነጂ የአንድን ቤት ዱቄት በአንድ ጉዞ ያደርሳል። አንድ አህያ ያለው ግን ግማሹን አድርሶ ለግማሹ መመለስ አለበት፤ ደንበኛ ደግሞ ጎረቤቱ ሲያቦካ እያየ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ አክስቴ ሁለቱ አህዮች እስካሏት ድረስ የራሷ ጌታ ነበረች። አንዱ ከጎደለ የሚጠብቃት በአዲሶቹ ቤቶች የጣሊያን ልብስ አጣቢ ሆና መግባት ነበር። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሰፈሩም ያውቃል።

አዲሶቹ ቤቶች የምላቸው ጣሊያን ለሹሞቹ ካዛንቺስ ላይ የሠራቸውን ነው። ከፊሎቹ አልቀው ሹሞቹ ከነሚስቶቻቸው ገብተውባቸዋል፤ ከፊሎቹ ገና ጣሪያ የሌላቸው ግንቦች ነበሩ። ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ኖራውን የሚያመላልሱት ካሚዮኖች ጠዋትና ከሰዓት በኋላ መንገዱን ይሞሉታል። እኛም የምናልፈው በዚያው መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ከወፍጮ ቤቱ ወደ ቂርቆስ ለመውረድ ወንዝ መሻገር ያስፈልጋል፣ ድልድዩ ያለው ደግሞ በዚያ በኩል ብቻ ነው። ካሚዮን ጥሩምባ ሲነፋ አህያ ይደነብራል፤ አህያ ሲደነብር ካሚዮኑ ይቆማል፤ ሾፌሩም ወርዶ ነጂውን ይመታል። አንድ ቀን ጠዋት አንዱ ካሚዮን ጭድ የጫነች አህያ ገጭቶ ከድልድዩ ሥር ጣላት። የተገጨችው አህያ ሆና ሳለች የታሰረው ባለቤቷ ነበር። አክስቴ ያን ቀን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለች።

ከዚያ በኋላ ትዕዛዙ ወጣ። የጋማ ከብት በትልቁ መንገድ ማለፍ የሚችለው ካሚዮኖቹ ለምሳ በሚቆሙበት ሰዓት ብቻ ነው ተባለ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ክልክል ነው።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አይደለም። መንገዱ አንድ ነው፤ ሁለት ዓይነት ተጓዥ አለ፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዝግተኛ። መንገዱን ማስፋት ካልተቻለ ሰዓቱን መከፋፈል ነው። ይህን ለልጆቹ ሰሌዳዬ ላይ ሥዬ አሳይቻቸዋለሁ፤ አሁንም አሳያለሁ። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ስቄ እተወው ነበር። ትክክለኛ ነገር ይዞ ሰውን መበደል ግን ከተራ ግፍ የባሰ ነው፤ ተበዳዩ የሚከራከርበትን ቃል እንኳ ይቀማዋል።

ለማንኛውም ሰፈሩ ታዘዘ። ወፍጮ ቤቱ ጠዋት ባዶውን ይውላል፤ እኩለ ቀን ሲደርስ የሰፈሩ አህያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። ዱቄት ቤት የሚደርሰው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ሆነ፣ ሊጡም ዘገየ፣ ራቱም ዘገየ። ነጂዎቹ መሀል አናት በሚመታ ፀሐይ ከአህዮቻቸው ጋር ያልባቸዋል። በእኛ ራስ ላይ ፀሐይ ስትቆም፣ በአዲሶቹ ቤቶች መስኮቶች ላይ መጋረጃ ይወርዳል። ጣሊያን ከምሳ በኋላ ይተኛል።

አንድ ቀን አክስቴ ተዘግተው የተደረደሩትን መስኮቶች እያየች፣ «ጠዋት የሚሠሩት እነሱ፣ በቀን የሚተኙት እነሱ። ለእኛ የተረፈን እነሱ የማይፈልጉት ሰዓት ነው» አለችኝ።

«እትዬ፣ ቢያንስ አሁን የሚገጨን የለም» አልኳት።

«አዎ። አሁን የሚመታን ከላይ ነው» ብላ ወደ ፀሐይ ጠቆመች።

አሁን ወደ ስሕተቱ ልምጣ። ትዕዛዙን ያወጣው ሰው ካሚዮን ያውቃል፤ አህያ አያውቅም። ቀድሞ አህዮቹ ቀኑን ሙሉ ተበታትነው ያልፉ ነበር፤ አንዱ በማለዳ፣ አንዱ በረፋድ፣ ሌላው ወደ ማታ። አሁን የቂርቆስና የኡራኤል አህያ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በአንዲት ሰዓት በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ተገናኘ። ወንድ አህያ ሴት አህያ ባየ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ለማንም የሰፈራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል፤ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ የተነሣው ጩኸት ድልድዩ ድረስ ይወርዳል። ያ ሁሉ ማናፋት ደግሞ ልክ በተኙት ሰዎች መስኮት ሥር ነው። ሰዓቱን የመረጡት ራሳቸው ናቸው።

ብዙም ሳይቆይ የሹሞቹ አስተርጓሚ መጣ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ከአክስቴ ገበታ ያልቀረበበት ሳምንት አልነበረም። የዚያን ቀን ግን ጫማውን ወልውሎ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ በመንገዱ መካከል ቆመ።

«ስሚ» አላት አክስቴን፣ ከፊት የነበረችው እሷ ስለነበረች። «ጌቶች በዚህ ሰዓት ያርፋሉ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰዓት ያናፋ አህያ ይወረሳል።»

«አንቺ ማለት ጀመርክ?» አለችው። «ይሁን። ለመሆኑ ለአህያው ማን ይንገረው? ቋንቋ የምታውቅ አንተ ነህ፤ አስተርጉምለት እንጂ።»

ነጂዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የምናገረው።»

«እሱም የታዘዘውን ነው የሚያናፋው።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ነጂ፣ «እንግዲያ በሌላ ሰዓት እንምጣ?» ሲል ጠየቀ።

«በሌላ ሰዓት ክልክል ነው።»

«በዚህኛውስ?»

«በዚህኛው ተፈቅዷል። የተከለከለው ጩኸት ነው።»

ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ ይኼማ ብላ ግን አታላምጥ ማለት ነው» አለው። አስተርጓሚው ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ነጂዎቹ ያን ዕለት ማታ መክረው አንድ የጥንት ዘዴ አወጡ። አህያ ሲያናፋ ጭራውን ያነሣል። ጭራው ላይ ድንጋይ ከታሰረበትና ማንሣት ካቃተው አይሆንለትም፤ አፉን ከፍቶ ጥቂት ይተነፍስና ይተወዋል። ይህን ዘዴ ሲራራ ነጋዴዎች ያውቁታል። በረሃ ሲያድሩ ሽፍታ ድምፅ ሰምቶ እንዳይደርስባቸው ያደርጉት ነበር ይባላል። እነሆ እኛ በገዛ ከተማችን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በተፈቀደልን ሰዓት፣ ሽፍታ እንደሚፈራ ነጋዴ የአህያችንን ጭራ በድንጋይ አሰርን።

ሠራ። ያን መንገድ አሁን ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። አህዮቹ ተከታትለው ይወርዳሉ፣ ድንጋዮቹ ከኋላቸው ይወዛወዛሉ፣ ከኮቴ በቀር ድምፅ የለም። የነጂዎቹ ንግግር ሳይቀር ወደ ሹክሹክታ ወርዶ ነበር። አፉን በሳቅ የሚከፍት ነጂ እንኳ እጁን ይጭንበታል። ከአህያው ይልቅ ዝም ያሰኙት ሰውን ነው።

እንዲህ ሆነን ጥቂት እንደቆየን፣ አንድ እኩለ ቀን ላይ ከአዲሶቹ ቤቶች አንዷ ሲኞራ፣ የአንዱ ሹም ሚስት፣ ወጣች። ስፌት ላይ ነበረች መሰለኝ፣ መቀስ ይዛለች። ወደ አክስቴ ወንድ አህያ ቀጥ ብላ መጥታ ጭራውን አየችና መጮህ ጀመረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አስተርጓሚው ከበሩ ሮጦ መጣ።

«ምን ሆነች?» አለች አክስቴ።

«ይህ ምስኪን እንስሳ እንዴት እንዲህ ይሠቃያል ነው የምትለው። ጨካኞች ናችሁ እያለች ነው።»

«ድንጋዩን ያሰርነው ለእሷ እንቅልፍ ነው በላት።»

አስተርጓሚው የኮቱን ቁልፍ ነካካ።

«በላት እንጂ አንተ ልጅ። አፍህ ላይ ድንጋይ አለ?»

አልነገራትም። ሲኞራዋ ጎንበስ ብላ ገመዱን በመቀሱ ቆረጠችው፣ ድንጋዩም መሬት ወደቀ። አህያው ወዲያው አልጮኸም። መጀመሪያ ጭራውን ወደ ግራ ወዘወዘ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፤ የእውነት ቀልሎት እንደሆነ የሚፈትን ይመስል ነበር። ከዚያ አነሣው። ስንት ቀን አምቆት የነበረውን ሁሉ አወጣው። መጋረጃዎች ተገለጡ፣ መስኮቶች ተከፈቱ፣ ከአንዱ መስኮት የውስጥ ካናቴራ የለበሰ ሹም ብቅ ብሎ አምባረቀ። ዘበኞች መጡና መጫኛውን ፈትተው የዱቄቱን ስልቻ አቧራው ላይ ጣሉት። አህያውን ነድተው ወሰዱት።

ሲኞራዋ አህያው ሲያልፍ ግንባሩን ዳበስ አድርጋው ወደ ቤቷ ገባች። ያን ቀን በርኅራኄዋ ተደስታ እንደተኛች አልጠራጠርም። ለጭራ ያዘነ ልብ ከጭራው አጠገብ የቆመችውን ሴት አላያትም። ይህን እስካሁን ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ለመቻልም አልሞክርም።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን አሰናብቼ ከአክስቴ ጋር ወደ ሹሞቹ ቢሮ ሄድን። አስተርጓሚው ደጁ ላይ ተቀምጧል።

«ይቅር ተብሏል፤ አህያሽን መውሰድ ትችያለሽ» አላት።

«ተመስገን። ስጠኛ።»

«አሁን አይሆንም። አሁን የከብት ሰዓት አይደለም። መንገድ ላይ ከታየ እንደገና ይያዛል።»

«እሺ፣ በከብት ሰዓት እመጣለሁ።»

«በከብት ሰዓት ቢሮው ዝግ ነው። ፈራሚው ተኝቷል።»

እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። ነገር ሲጠላለፍ ጫፉን ፈልጌ መፍታት ልማዴ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ ቢሮው ሲከፈት አህያው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፤ አህያው መንገድ ላይ መውጣት ሲችል ቢሮው አይከፈትም። እንግዲህ አህያው የሚወጣው መቼ ነው?» አልኩት።

«መምህር፣ አንተ ለልጆችህ አስረዳ» አለኝ። ወደ አክስቴ ዞሮም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን አደከመሽ? ሴቷን ሽጪና እዚህ ግቢ ውስጥ ልብስ ለማጠብ ተቀጠሪ። እኔ እናገርልሻለሁ። ባል የለሽ፣ ምን ያለ ኑሮ ነው ከአህያ ኋላ መሮጥ?»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሰምተሃል። እኔን ግን እስከ ዛሬ ከዚህ ግቢ ያስጣለኝ አህያ ነው» አለችው።

ወደ ቤት ስንመለስ አልተናገረችም። እኔ ግን ተናገርኩ። መንገዱን ሙሉ ስናገር፣ ስገመግም፣ በጣቴ አየር ላይ ስሥል ሄድኩ። ቤት ስንደርስ፣ «ጨረስክ?» አለችኝ። «ነገ በሰዓቱ እንወጣለን፤ ሴቷን ይዘን።»

የተያዙ ከብቶች የሚቀመጡት ከሹሞቹ ቤቶች ጀርባ በሽቦ በታጠረ ቦታ ነበር፤ ከመንገዱ የሚለየው ሽቦው ብቻ ነው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አክስቴ ብቸኛዋን ሴት አህያ ጭና፣ ጭራዋን በድንጋይ አስራ፣ በዚያ በኩል ስትደርስ ቆመች። መጫኛው ላልቷል ብላ ፈታ ማጥበቅ ጀመረች። ወንዱ ሽታዋን ከሽቦው ወዲያ አገኘ። ከዚያ የሆነውን መናገር አያስፈልግም፤ የመስኮቱ መስታወት ሳይቀር የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

ዘበኛው ሴቷን ሊይዝ ሮጠ፤ አስተርጓሚው ተከተለው።

«የኔዋ ጭራ ይኸው» አለች አክስቴ። «ድንጋዩም ይኸው። ድምፅ አውጥታለች?»

«አላወጣችም፣ ግን...»

«የሚያናፋው ያ ነው። ያ የማነው?»

አስተርጓሚው ወደ ሽቦው ዞሮ አየ።

«ያናፋ ይወረሳል አላልክም? ፈራሚው እስኪፈርምልኝ የመንግሥት ነው። እኔ የመንግሥትን አህያ ዝም በል ማለት አልችልም፤ ድፍረት ይሆንብኛል።»

ሰዓቱ የተፈቀደ ነበር። ጭነት ማጥበቅ አልተከለከለም። አህያዋ ዝም ብላለች። ዘበኛው የሚይዘው አጥቶ ተመለሰ።

በነጋታው ደገመችው። ሌሎቹ ነጂዎችም አዩ፤ ማንም ማንንም ሳያማክር የሁሉም መጫኛ በዚያች ቦታ መላላት ጀመረ። ሴት አህያ ያለው ሁሉ ከሽቦው አጠገብ ይቆማል፣ ይፈታል፣ ያጠብቃል፣ ሰማዩን ያያል። ሽማግሌው ነጂ የራሱን አንዴ አጥብቆ ሲያበቃ፣ «አይ፣ ዛሬ እጄም ሰነፈ» ብሎ እንደገና ፈታው። ከእኛ በኩል ትንፋሽ የለም፤ ከሽቦው ወዲያ የመንግሥት አህያ ያናፋል። ሹሞቹ የጠሉትን ድምፅ ከመንገድ አንሥተው ትራሳቸው ሥር እንዳሰሩት የገባቸው ያኔ ነው።

በመጨረሻ በራሱ በእንቅልፉ ሰዓት፣ ያ የውስጥ ካናቴራ የለበሰው ሹም ፀጉሩ ተንጨባሮ ወጣ። ወረቀት አልፈረመም፣ ቢሮም አልከፈተም። ሽቦውን በእጁ ከፍቶ አህያውን ከኋላው ገፋና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያ ሁሉ የማይፈታ የነበረው ነገር አንድ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ተፈታ።

እዚህ ላይ ደስ ይበላችሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልተቻለም። አህያው ወደ አክስቴ ሲመጣ ጀርባው ገጥቦ ነበር። ቁስሉ እንደ መዳፍ ይሰፋል፤ ጠርዙ ላይ ኖራ ደርቆበታል፤ ጋማውና ጆሮው ውስጥ አሸዋ ሞልቷል። ወደ አዲሶቹ ግንቦች አሸዋና ኖራ ሲያጓጉዙበት ነው የከረሙት። ግንብ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ አይገነባም፤ ግንበኛውም ተኝቷል። የጫኑበት ጠዋት ነው፤ ከካሚዮኖቹ መካከል፣ በዚያው መንገድ፣ አህያ በሚከለከልበት ሰዓት።

አክስቴ ቁስሉን አየች፣ ኖራውን በጣቷ ነካች፣ ወደ አስተርጓሚው ዞረች።

«በስንት ሰዓት ነው ይኼን የጫናችሁት?»

አስተርጓሚው ጫማውን ያይ ነበር። የተወለወለው ጫማ አቧራ ለብሷል። «እትዬ፣ ይውሰዱት» አላት፤ ድምፁ የልጅነቱን ድምፅ መስሎ።

የጥያቄዋን መልስ እኔ ልስጥ። ክልከላው ስለ ሰዓት አልነበረም። ስለ መንገዱም፣ ስለ ካሚዮኑም፣ ስለ ደኅንነትም አልነበረም። ጭነቱ የማነው ነበር ጥያቄው። የእነሱ ከሆነ ሰዓት ሁሉ ሰዓት ነው።

ያን ቀን አክስቴ ወንዱን አልጫነችውም። ሴቷ የቻለችውን ያዘች፣ የተረፈውን ስልቻ እኔና እሷ እየተፈራረቅን ተሸክመን በዚያ ፀሐይ ድልድዩን ተሻግረን ቂርቆስ ወረድን። ልብስ አጣቢ አልሆነችም። ቁስሉ ቀስ ብሎ ዳነ፤ ጠጉሩ ግን በቁስሉ ቦታ ነጭ ሆኖ በቀለ። አህያው ዛሬም አለ፤ ዛሬም ዱቄት ያመላልሳል። ነጩን ምልክት ከሩቅ ታዩታላችሁ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በእነዚያ ቤቶች የእኛ ሰዎች ገቡ። በቅርቡ በአንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ አንድ የተከበሩ ሰው ተነሥተው፣ የጭነት አህዮች በትልቁ መንገድ የሚያልፉበት ሰዓት ይወሰን አሉ። ጥሩ አድርገው አስረዱ፤ እኔ ሰሌዳዬ ላይ እንደማስረዳው ማለት ነው። እጄን አወጣሁና፣ «ሐሳቡ ጥሩ ነው ጌታዬ። በሚወሰነው ሰዓት እርስዎ የት ይሆናሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

እባካችሁ፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ለሌላው ጭነት ሰዓት ልትወስኑ ስትነሡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። መጀመሪያ በመረጣችሁት ሰዓት አንድ ስልቻ ዱቄት በራሳችሁ ጀርባ ላይ አድርጉና ከካዛንቺስ ቂርቆስ ውረዱ። ድልድዩ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ፣ ዞር ብላችሁ የትኛው መስኮት መጋረጃ እንደወረደበት እዩ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ወስኑ። አንድ ቀን ብቻ ሞክሩት።